የቡድሃ ታሪክ፦ ከግእዝ ብራና እስከ ሲኒማ መጋረጃ

በአዲስ አበባ አራዳ፣ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ ለሚያቀና ሰው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሩቅ አይደለም። በቅጥሩ ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እና ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ዐርፈዋል። ወደዚያ የዘለቀ ሰው ስለ ሞት ሳያስብ አይመለስም። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አቅራቢያ፣ ከከተማዋ ቀደምት ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነበር። ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚራመድ የሰው ጥላ ከመናፍስት ሥራ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስያሜው ዛሬ ፈገግ ያሰኛል። ይሁንና የዚያ ዘመን ሰዎች ፈጽመው አልተሳሳቱም። ሲኒማ ሙታንን ማስነሣት የሚወድ ጥበብ ነው፤ በእስያ ይህን ሲያደርግ በአብዛኛው የሚደገፈው በቡድሃ እምነት ላይ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህን እምነት ምንነቱን ሳይረዳ አይቶታል። በየከተማው የቪዲዮ ቤቶች ይታዩ በነበሩት የኩንግ ፉ ፊልሞች፣ ራሳቸውን የተላጩት የሻኦሊን ገዳም ሰዎች የቡድሃ መነኮሳት ናቸው። ልጆች ርግጫውን እየተለማመዱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ መነኩሴው ከግጥሚያው በፊት ለምን ዐይኑን ጨፍኖ እንደሚቀመጥ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የእምነቱ መሥራች ሲድሃርታ ጋውታማ ከ2 ሺህ 400 ዓመታት ገደማ በፊት በሕንድና በኔፓል ምድር የኖረ ባለጸጋ የመሳፍንት ልጅ እንደነበር ይነገራል። ትምህርቱ ባጭሩ ሲገለጥ፣ ሁሉም ነገር ያልፋል፤ የሰው ሥቃይ ምንጭ የሚያልፈውን ነገር ሙጥኝ ማለቱ ነው፤ ሙጥኝ ያለ ደግሞ ከመወለድና ከመሞት ዑደት አይወጣም የሚል ነው። በፈጣሪ አምላክ ላይ ያልተመሠረተ በመሆኑ ከክርስትናም ከእስልምናም በእጅጉ ይለያል።

ሆኖም የመሥራቹ የሕይወት ታሪክ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት፣ በትውልድ የመናዊ የሆኑት አባ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ «በራላም ወይዋስፍ» የተሰኘውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ታሪኩ ስለ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። ንጉሡ ልጁ ዓለምን እንዳይንቅ ፈርቶ፣ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን በማያይበት እልፍኝ ውስጥ ያሳድገዋል። ልጁ ግን ወጥቶ ድውይና ሽማግሌ ያያል፤ ልቡ ይሰበራል፤ በነጋዴ አምሳል የመጣ በራላም የተባለ ባሕታዊ ያስተምረዋል፤ በመጨረሻም ዘውዱን ትቶ ይመንናል።

ሊቃውንት እንዳረጋገጡት የዚህ ታሪክ አጥንት የቡድሃ ገድል ነው። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የሕንዶች መጠሪያ በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት «በ» እና «የ» በነጥብ ብቻ ስለሚለያዩ በገልባጮች እጅ ወደ «ዩዳሳፍ» ተለወጠ፤ በአውሮፓ ዮሳፋጥ፣ በግእዝ ይዋስፍ ተባለ። በመንገዱ ላይ ታሪኩ ክርስቲያናዊ ሆኗል፤ የግእዙ ይዋስፍ የሚመንነው ለክርስቶስ ነው። በርናርዶ በርቶሉቺ እ.ኤ.አ. በ1993 «ትንሹ ቡድሃ» በተሰኘው ፊልሙ ኪያኑ ሪቭስን ሲድሃርታ አድርጎ ከቤተ መንግሥት ሲያስወጣው፣ የይዋስፍን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አይከብደውም።

በራላም ለይዋስፍ ከነገረው ምሳሌ አንዱ ራሱን የቻለ አስፈሪ ፊልም ነው። ከአውሬ የሚሸሽ ሰው ገደል ውስጥ ይወድቅና በአንድ ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠብ ማር አይቶ ሁሉንም ይረሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው።

በቡድሃ አገሮች አስፈሪ ፊልምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጃፓናዊው ማሳኪ ኮባያሺ በሠራው «ክዋይዳን» ውስጥ፣ ሆይቺ የተባለ ዐይነ ስውር አዝማሪ በቤተ መቅደስ ይኖራል። በባሕር ጦርነት ያለቁ መኳንንት መናፍስት የገዛ ውድቀታቸውን እንዲያዜምላቸው ሌሊት ሌሊት ይወስዱታል። ካህኑ ሊያድነው «የልብ ሱትራ» የተባለውን ቅዱስ ጽሑፍ በመላ ሰውነቱ ላይ ይጽፍበታል፤ ጆሮዎቹን ግን ይረሳል። መንፈሱ ሲመጣ የሚታየው ጆሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ ገንጥሎ ይሄዳል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ማብራሪያ አያስፈልገውም። በአገራችን ደብተራው የሚጽፈው የብራና ክታብ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚሆነው ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ነው። ወርዘልያን የወጋው የሱስንዮስ ጸሎት የሚጻፈውም በዚሁ ክታብ ላይ ነው። ብራናው አንድ ስንዝር ቢያጥር ምን ይከተላል ለሚለው፣ የሆይቺ ጆሮ መልስ ነው።

ልዩነቱ በመንፈሱ አወጣጥ ላይ ነው። በጠበል ቦታ መንፈሱ ይገሠጻል፣ ይለፈልፋል፣ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የታይላንዱ «ናንግ ናክ» ግን ባሏ ዘምቶ ሳለ በወሊድ የሞተች ሚስት ባሏን ትታ መሄድ አቅቷት ከቤቷ ትቀራለች። ባልም መሞቷን ሳያውቅ አብሯት ይኖራል። በመጨረሻ አንድ ትልቅ መነኩሴ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ በለሆሳስ ያነጋግራታል፤ እርሷም ባሏን ተሰናብታ ትሄዳለች። እርኩስ ሳትሆን ከፍቅሯ መላቀቅ ያልቻለች ምስኪን ናት። ፊልሙ የሚያስፈራውን ያህል የሚያስለቅሰውም ለዚህ ነው።

ከፍርሃት ወደ ጸጥታ ለሚሻገር፣ ኮሪያዊው ኪም ኪ ዱክ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው «ጸደይ፣ በጋ፣ መጸው፣ ክረምት… እና ጸደይ» አለ። የእነርሱ ክረምት በረዶ እንጂ ዝናብ አይደለም፤ ገበሬ ሲያየው ይህን ልብ ይበል። በሐይቅ ላይ በምትንሳፈፍ ቤተ መቅደስ ውስጥ አንድ አረጋዊ መነኩሴና አንድ ልጅ ይኖራሉ። መውጫና መግቢያቸው ጀልባ ነው፤ ከጣና ገዳማት አጠገብ ያደገ ሰው ሥፍራው አይጠፋበትም። ልጁ ለጨዋታ በዓሣ፣ በእንቁራሪትና በእባብ ላይ ድንጋይ ያስራል። አረጋዊው አይቶ ዝም ይላል። ሌሊት ግን በተኛው ልጅ ጀርባ ላይ ድንጋይ ያስርበትና፣ ሲነጋ ሂድና ፍታቸው፤ አንዳቸው እንኳ ሞተው ከሆነ ድንጋዩን ዕድሜ ልክህን በልብህ ትሸከመዋለህ ይለዋል። በሕይወት የተገኘችው እንቁራሪቷ ብቻ ናት። ልጁ አድጎ ከገዳሙ ይኮበልላል፤ ሚስቱን ገድሎ ይመለሳል። ሆይቺ ገላ ላይ የተጻፈው ያ «የልብ ሱትራ» እዚህም ይመጣል፤ መምህሩ በቤተ መቅደሱ ወለል ላይ ይጽፈውና ወጣቱ በገደለበት ቢላዋ ፊደል በፊደል እንዲቀርጸው ያዝዘዋል። ሊይዙት የመጡት ፖሊሶች እስኪጨርስ ይጠብቁታል።

ሁሉም ግን እንዲህ ከባድ አይደለም። ከቡታን የመጣው ክየንጽዬ ኖርቡ ራሱ የቡድሃ እምነት መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ዋንጫው» በሕንድ በስደት ባለ ገዳም የሚማሩ የቲቤት ልጆች፣ የ1998ቱን የዓለም ዋንጫ ለማየት ቴሌቪዥን ለመከራየት ከመምህሮቻቸው ጋር ያደርጉት የነበረውን ድርድር ያሳያል። ልጆቹ ጸሎት ላይ ተቀምጠው ስለ ኳስ ያንሾካሹካሉ። የገንዘቡ መዋጮ ሲጎድል አንዱ ልጅ ከጓደኛው የእናቱን መታሰቢያ ሰዓት ወስዶ ያስይዛል፤ ጨዋታው ሲጀመርም የጓደኛው ፊት ትዝ እያለው ማየት ያቅተዋል።