በካንሰር ሕክምና ላይ ያለን ሰው እንዴት እንዘይር?

በዛሬው ዝግጅታችን በብዙ ቤቶች ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ ስለሚወራ ጉዳይ እንነጋገራለን። ስሙን መጥራት ስለሚከብደን «ያ በሽታ»፣ ሲብስም «የማይድነው» እንለዋለን። ካንሰር ማለታችን ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ በሽታው ምንነት አይደለም፤ ሐኪሙ ስሙን ከተናገረበት ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ሕክምናው ወራትን ይወስዳል። ከእነዚያ ወራት ውስጥ ታማሚው በሆስፒታል የሚያሳልፈው ጥቂቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በእናንተ ቤት፣ በእናንተ ፍራሽ ላይ፣ የእናንተን ወሬ እየሰማ ነው።

በመጀመሪያ «የማይድነው» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊድኑ ይችላሉ። ከሕፃናት የደም ካንሰሮችም ብዙዎቹ ሕክምናው ሳይቋረጥ ከተሰጠ ይድናሉ። እርግጥ ነው፣ በእኛ አገር ብዙ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ዘግይቶ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ ሙሉ ፈውስ ላይገኝ ይችላል። ያኔም ቢሆን ሕክምናው ሕመምን ይቀንሳል፣ ዕድሜን ሊያራዝም ይችላል። ስለዚህ የሁሉም ታማሚ ተስፋ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ ተስፋ መዳን ነው፤ የሌላው ደግሞ የልጁን ኒካሕ ማየት፣ ወይም ዛሬ ሌሊት ሳያመው መተኛት ሊሆን ይችላል። ትልቁም ትንሹም ተስፋ ነው።

ተስፋ እንዴት እንደሚሰጥ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዚያራ የምንማረው ነገር አለ። በስንብቱ ሐጅ ጊዜ፣ በሒጅራ 10ኛው ዓመት፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) መካ ላይ በጠና ታሞ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጠይቁት ሲገቡ ሰዕድ ስለ ኑዛዜው አነሳ። ወራሹ አንዲት ሴት ልጁ ብቻ እንደሆነች ነግሯቸው፣ አብዛኛውን ገንዘቡን ሶደቃ ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠየቃቸው። ከሲሶ እንዳያልፍ፣ እሱም ቢሆን ብዙ እንደሆነ ነገሩት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምናልባት ዕድሜው ሊረዝም፣ ሰዎችም በእሱ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ገለጹለት፤ እንዲሻለውም ዱዓ አደረጉለት። ሰዕድ ዳነ። ብዙ ዓመታት ኖሮ የቃዲሲያን ጦር መራ፤ የኩፋ ከተማም የተቆረቆረችው በእሱ እጅ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን እንዳለ ልብ በሉ። ሰዕድ ስለ ኑዛዜው ሲናገር «ኧረ ክፉ አታውራ» ብሎ አፉን ያስያዘው የለም፤ ጥያቄው ተሰምቶ መልስ አገኘ። ተስፋውም የተሰጠው «ምናልባት» በሚል ቃል ነው። እኛ ዘንድ ግን ታማሚ ስለ ዕዳው ወይም ስለ ልጆቹ ሊናገር ሲል ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ወሬ ይቀይራል። ታማሚውም ሸክሙን ብቻውን ይዞ ይቀራል። ዕዳውን አስመዝግቦ፣ ወሲያውን ጽፎ ልቡን ያሳረፈ ሰው ሕክምናውን በተሻለ መንፈስ ይከታተላል እንጂ ሞቱን አልጠራም።

ሌላው የተለመደ ነገር መደበቅ ነው። ልጆች ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ለእናታቸው «ጨጓራ ነው፣ ቁስለት ነው» ይሏታል። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን እናትየዋ ሞኝ አይደለችም። ፀጉሯ ሲረግፍ፣ ጎረቤቷ በር ላይ ስታለቅስ ታውቃለች። ካወቀች በኋላ የሚጎዳት በሽታው ብቻ ሳይሆን፣ «ልጆቼ ሌላስ ምን ደብቀውኝ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን መዘርገፍ አያስፈልግም። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ እሷኑ ጠይቋት፤ በጠየቀችው ልክ፣ በምታምነው ሰው አንደበት፣ ቢቻል ሐኪሙ ባለበት ይነገራት።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። በተለይ ኬሞቴራፒ የራሱ ዑደት አለው፤ ቤተሰቡ ይህን ካላወቀ ተስፋውም አብሮ ይዋዥቃል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በየ21 ቀኑ በዙር ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ድካም አለ። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በጣም ይቀንሳል። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ይጠናከራል፤ መብላትና መሳቅ ሲጀምር ቀጣዩ ዙር ይደርሳል። ታማሚው «እየባሰብኝ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ በነዚያ ክፉ ቀናት ነው። ቤተሰቡ ቀኖቹን በካላንደር ላይ ምልክት ቢያደርግና «ባለፈው ዙርም በ5ኛው ቀን እንዲህ ብለህ ነበር፣ በ15ኛው ቀን ግን ተነስተህ መስጂድ ሄደሃል» ቢለው፣ ከመቶ «አይዞህ» ይበልጣል። ዶክሶሩቢሲን የተባለውን ቀይ መድኃኒት የወሰደ ሰው ሽንቱ ለአንድ ሁለት ቀን ሊቀላ ይችላል። መድኃኒቱ ነው እንጂ ደም አይደለም፤ ቀድሞ ካልተነገረው ግን ቤቱ በሙሉ በድንጋጤ ያድራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጥሩ ለውጥ ሲታይ የሚቋረጠው ሕክምና ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት ከከሚሴ መጥታ ኮልፌ ልጇ ዘንድ አርፋ ትታከማለች እንበል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር እብጠቱ ይቀንሳል። «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ፤ ከብቶቹን ማን ያያል?» ብላ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በዓይን የማይታየው ካንሰር ግን ውስጥ ቀርቷል። ከወራት በኋላ ስትመለስ በሽታው ተጠናክሮ፣ ሐኪሙም ያለው አማራጭ ጠብቦ ይገኛል። እዚህ ላይ የዘመድ ሥራ ግልጽ ነው፤ ከብቶቹን ማየት ነው። አዝመራዋን የሚሰበስብላት ጎረቤት ካገኘች ሕክምናዋን ትጨርሳለች።

ዚያራን በተመለከተ ልማዳችን የተወደደ ነው፤ ሙስሊም በሙስሊም ወንድሙ ላይ ካሉት ሐቆች አንዱም ነው። ይሁን እንጂ ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ክፍል ውስጥ ዐሥራ አምስት ሰው ተኮልኩሎ መዋል የለበትም። ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት ሰው፣ ፈቃዱ ቢሆን፣ በስልክ ይዘይር፤ ለእኛ ቀላል የሆነው ሳል ለእሱ አደገኛ ነው። የገባውም እጁን ታጥቦ ይግባ፣ አጭር ቆይቶ ይውጣ። «እገሌም በዚሁ ነው የሄደው» የሚሉ ዘያሪዎች አሉ፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከበር መመለስ ነውር አይመስለንም። በቤት ውስጥ ደግሞ ቴርሞሜትር ይኑር። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ በትኩሳት ማብረጃም አይሸነገልም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ካንሰር በትንፋሽም በዕቃም አይተላለፍም። ከውጭ በማሽን የሚሰጠው የጨረር ሕክምናም በሰውነት ውስጥ ቀርቶ ሌላውን አይጎዳም። ስለዚህ የታማሚውን ሰሃን መለየት፣ የልጅ ልጁን ከጭኑ ላይ ማንሳት ምክንያት የለውም፤ ልብ ከመስበር በቀር።

ስለ ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ዘምዘም በብዛት እንጠየቃለን። ሩቃውም ዱዓውም ይቀጥል፤ ከሕክምናው ጋር ግን አይጣላም። መታከም ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንዳንድ ቅጠላ ቅጠሎች ከኬሞቴራፒው ጋር ሊጋጩ ስለሚችሉ ነው። የምትሰጡትን ሁሉ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። ሒጃማን በተመለከተ፣ ኬሞቴራፒ ደምን የሚያረጉትንም ሴሎች ስለሚቀንስ የደም መፍሰስና የቁስል መመርቀዝ ያሰጋል፤ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ መሞከር የለበትም። የምግቡን ነገር በአጭሩ ለማለት ያህል፣ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይቅረብለት። አፉ ከቆሰለ በርበሬው ይቅር፣ ለብ ባለ የጨው ውኃም ይጉመጥመጥ።

ብዙ ታማሚዎችን በውስጣቸው የሚበላቸው የኢባዳ ጉዳይ ነው። በረመዷን ሰው ሁሉ ሲጾም አለመጾም ያስለቅሳቸዋል። ቁርኣን ለታመመ ሰው ማፍጠርን የፈቀደው በግልጽ ነው፤ ሲድን ቀዷ ያወጣል፣ መዳኑ የማይጠበቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ያበላል። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው ተኝቶ ይሰግዳል። ውኃ የሚጎዳው ተየሙም ያደርጋል። ይህን ልጆች በሩጫ ከሚነግሩት ይልቅ የሚያከብሩት ዓሊም ቤት ድረስ መጥቶ ቢያስረዳው ልቡ ያርፋል። የመስጂድ ኢማሞቻችን ይህችን ዚያራ እንዲያስቡባት በአክብሮት እናሳስባለን።

ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወሰደላት እህት ስለ ሰውነቷ ምን እንደሚሰማት ለማንም አትናገርም። ፀጉሯ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይመለሳል፤ ጡቷ ግን አይመለስም። ባሏ ፊቱን ሲያዞር ካየች፣ አንዳንዱም ሁለተኛ ትዳር ማሰብ ሲጀምር ከሰማች፣ የትኛውም መድኃኒት አያጽናናትም። ለባሎች የምንለው አጭር ነው። በቀጠሮ ቀን አብራችኋት ሂዱ፤ ከሐኪሙ ክፍልም አብራችሁ ግቡ። ከመንገድ ላይ ዕቃ እንደማድረስ አድርሳችኋት አትመለሱ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። ይሁንና ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለሳምንታት ስለሚሰጥ የማደሪያው ጣጣ ይብሳል። በዚህ ረገድ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በሕፃንነቱ በደም ካንሰር በሞተ ልጅ ስም የሚጠራው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ድሃና ባለ ዕዳ የዘካ ባለ መብት ስለሆኑ፣ ዘካችሁን ስታወጡ በመድኃኒት ዕዳ የተያዘውን ጎረቤት አስታውሱ። ጓደኞችም «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ» ከማለት አንድ ነገር ቆርጦ መያዝ ይሻላል። አንዱ የማክሰኞውን ታክሲ፣ ሌላዋ የዓርብ ምሳውን፣ ሌላው የሐኪም ወረቀቶቹንና የቀጠሮ ቀኖቹን በአንድ ማኅደር መያዙን ይውሰድ። ሌሊት የምታስታምመውንም ልጅ አትርሷት። ዕረፍት ካላገኘች እሷም ትወድቃለች፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚተካት ሰው ይመደብላት።

በመጨረሻም ሕክምናው ያለቀ ቀን ቤቱ ይሞላል፣ ሶደቃ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየ ጉዳዩ ይበተናል። ታማሚው ግን ለክትትል በየጊዜው ይመላለሳል። አንዳንድ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ደግሞ ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ በየቀኑ እንክብል ይውጣሉ። ከእያንዳንዱ ምርመራ በፊት ባሉት ሌሊቶች እንቅልፍ የለም። በእነዚያ ሌሊቶች ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት።

አላህ (ሱ.ወ.) በሕመም ላይ ላሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሁሉ ሺፋውን፣ ለሚያስታምሟቸውም ብርታቱን ይስጥልን።