ነርሷ የሥቃይን ልክ በምን ታውቀዋለች?

የትኩሳትን ልክ ቴርሞሜትር ይነግረናል፤ የሥቃይን ልክ የሚነግር መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ነርሷ ማስታገሻ የምትሰጥበትን ሰዓት በምን ትወስናለች? ከመካከላችን ዘመድ ያስታመመ ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርምና ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪሙ ነው። ነገር ግን ትእዛዙ ብዙ ጊዜ «ሲያስፈልግ ይሰጥ» የሚል ስለሆነ፣ ጊዜው መድረሱን የምትፈርደው ነርሷ ናት። ማርጎ ማካፈሪ የተባለችው አሜሪካዊት ነርስ በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳስተማረችው፣ የሥቃዩ ዋና ምስክር ራሱ ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ነርሷ «ሥቃይ ከሌለ ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ የለም ከተባለ 10 ብንል፣ የእርስዎ ስንት ይሆናል?» ብላ ትጠይቃለች። ቁጥር ላልለመደው «ትንሽ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ብርቱ?» ትለዋለች፤ ለሕፃን የፊት ሥዕሎች ታሳየዋለች።

በአገራችን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በበርበሬዋ ከታወቀችው ከማረቆ፣ ከቆሼ አካባቢ የመጣ አንድ ገበሬ ታሞ ቢተኛና «እንዴት አደሩ?» ቢባል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ ምስጋና ነው እንጂ የምርመራ መልስ አይደለም። ስለዚህ አስተዋይ ነርስ በሰላምታው አትረካም። «እንቅልፍ ወሰደዎ? መገላበጥ ይችላሉ? ሲያስሉ የት ያምዎታል?» ትላለች፤ ፊቱን መቋጠሩን፣ ቁስሉን በእጁ መከለሉን ታስተውላለች። አማርኛ የማይሆንለት እንደሆነ በማረቆኛ የሚያስረዳላት ሰው ትፈልጋለች።

ከዚህ በኋላ ደረጃውን ትመርጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሕመም ያወጣው መሰላል ሦስት እርከን አለው፤ ለቀላሉ ፓራሲታሞልን የመሰለ፣ ለመካከለኛው ኮዴይንን የመሰለ፣ ለብርቱው ሞርፊን። ነርሷ ያለፈው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ መዝገቡን ታያለች፤ ሞርፊን ከሆነ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ መድኃኒቱ ሲበዛ አተነፋፈስን ያዘገያልና። ከሰጠችም በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሳ ትጠይቃለች። ቁስል ከማጠቧ በፊት አስቀድማ መስጠቷም ሥቃይ ከበረታ በኋላ ማስታገሱ ስለሚከብድ ነው።

እኛ ተማሪዎችስ? በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ «ቻለው፣ ወንድ አይደለህም?» ማለቱን ትተን፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ ጠይቀን ለነርሷ እንንገራት። በትዕግሥት ዝም ያለ ሰው መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እያለ ሲሠቃይ ሊያድር ይችላልና።