ከሥራ መልስ፣ ሸራ ፊት

የወሎዋን ሐራ የሚያውቃት ሰው በሥዕል ሳይሆን በሌላ ነገር ነው የሚያውቃት። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ማብቂያው ሐራ ገበያ ነው። ቆላ ናት፤ ስሟን የሚያስጠሩት ማሽላዋ፣ ፍየሏና ከአፋር በኩል የሚመጣው ግመል ናቸው። ሥዕል ፍለጋ ወደ ሐራ የሚወርድ ሰው የለም። በቅርብ ያሉት ወልድያም ሆነ መርሳ ሄዳችሁ የቀለም መደብር ብትገቡ በብዛት የምታገኙት የበርና የግድግዳ ቀለም ነው። ለሠዓሊ የሚሆን የቱቦ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ የፈለገ ሰው ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ መንገደኛ ገንዘብ ሰጥቶ ያስመጣል።

እንዲህም ሆኖ የሚስሉ ሰዎች አሉ። ቀን ጠመኔ ይዞ የዋለ መምህር ማታ እርሳስ ያነሳል። ሱቋን ዘግታ የገባች ልጅ እራት እስኪደርስ ድረስ የአያቷን ፊት ከፎቶ ላይ አይታ ትስላለች። ባጃጅ ነጂው የራሱን ባጃጅ አስጊጦ የጓደኞቹን ደግሞ በክፍያ ያስጌጣል። ስለ እነዚህ ሰዎች መጻፍ የፈለግሁት አንድ ነገር ስለሚያስቆጨኝ ነው። ሠዓሊ ናችሁ ወይ ሲባሉ «አይ፣ እንዲሁ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ይላሉ። ዋጋ ሲጠየቁ ያፍራሉ፤ ደፍረው ከተናገሩም ግማሹን ቀንሰው ነው። የሚያፍሩበት ነገር ግን አይታየኝም። የአገራችን ሥዕል አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው እንጀራቸው ከሌላ ሥራ በሚመጣ ሰዎች እጅ ነው።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈው፣ የገዳሙ አበምኔት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው ብራና የዚሁ ገዳም ነው። የጻድቁ የራሳቸው ሥዕልም በውስጡ ይገኛል። በዚያ ዘመን ብራና ላይ የሚስል ሰው ይጸልያል፣ ያስተምራል፣ ይጽፋል፣ ይስላል። ከዚያ በኋላ በየደብሩ የመጣው የቄስና የደብተራ ሠዓሊም ያርስ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ይጠራል፣ ግድግዳውን ስሎ ሲጨርስ ወደ እርሻው ይመለሳል። በትምህርት ቤት ሰልጥኖ በሥዕል ብቻ የሚተዳደር ሠዓሊ የምንለው ሰው በብዛት የመጣው አቶ አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ከከፈቱ ወዲህ ነው። ከሰባት መቶ ዓመቱ አንጻር ትናንት ማለት ነው።

ሽያጩም አዲስ አይደለም። በላቸው ይመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የንግሥተ ሳባን ታሪክና የዓድዋን ጦርነት ጨርቅ ላይ እየሳሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ነበር። ጎጃም የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው፣ ደብር ስለው፣ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ሥራዎቻቸውን ለቱሪስት ለሚሸጡ ነጋዴዎች ሲያቀርቡ ኖረዋል። የሱቅ ዕቃ ተብሎ በሚናቅ ሸራ ላይ የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕይወታቸውንና ሥዕላቸውን ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ እንዲታተምላቸው አበቃቸው፤ ሎስ አንጀለስ ያለው ፋውለር ሙዚየምም ዐውደ ርዕይ አዘጋጀላቸው። ቄስ አዳሙ ለገበያ መሳላቸው ሥራቸውን ዝቅ አላደረገውም። እንዲያውም ደጋግመው እንዲስሉ ያደረጋቸው ገበያው ይመስለኛል፤ እጅ ደግሞ በመደጋገም ነው የሚፈታው።

ሐራ ላይ ሸራ የሚገዛበት ሱቅ ከሌለ ሸራው ይሠራል። አቡጀዲ የማይሸጥ የጨርቅ ሱቅ የለም። አናጢ ዘንድ ተሂዶ አራት ቀጭን ጣውላ ይቆረጥና ማዕዘኑ በትክክል እንዲገጥም ተደርጎ ይመታል። ጨርቁ ጣውላው ላይ ሲወጠር ምስማሩ ከማዕዘን አይጀምርም፤ ከየጎኑ መሃል ተጀምሮ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየተሳበ ወደ ጥግ ይሄዳል። ከጥግ የተጀመረ ሸራ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው። ከዚያ የአናጢ ኮላ በውኃ ቀጥኖ ይቀባል። ሲደርቅ ነጭ የውኃ ቀለም ሁለት ጊዜ ይደገምበታል፤ በመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይፈገፈጋል። በጣት ሲመታ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። ከአዲስ አበባ ከሚመጣው ሸራ ዋጋው በብዙ ያንሳል፤ ላልደፈረ ጀማሪም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውድ ሸራ ፊት የቆመ ሰው ላለማበላሸት ሲጠነቀቅ እጁ ይታሰራል። አቡጀዲ ግን ቢበላሽ እንደገና ነጭ ይቀባል።

ሌላው የአካባቢው በረከት ቆዳ ነው። የፍየል ገበያ ባለበት አገር የፍየል ቆዳ አይጠፋም። ቆዳው ለቀናት ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት አራት ማዕዘን ላይ በገመድ ተወጥሮ፣ በውስጥ በኩል ሥጋው በውጭ በኩል ጸጉሩ ተፍቆ ሲደርቅ ብራና ይሆናል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሽታውም ቀላል ስላልሆነ ጎረቤትን አስቀድሞ ማነጋገር ያሻል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በየስጦታ ዕቃ መደብሩ የሚሰቀለው የብራና ሥዕል ጥሬ ዕቃው እንደዚህ ካሉ ገበያዎች ነው የሚነሳው። እዚሁ የሚስል ሰው እንዴት ቆዳውን ሸኝቶ ዝም ይላል?

የቆላው ሙቀት ፈተና ነው። አክሪሊክ ቀለም ሳህኑ ላይ እያለ ይደርቃል። እርጥብ ጨርቅ ከሥር አንጥፎ በላዩ ወረቀት ማድረግና ቀለሙን እዚያ ላይ ማፍሰስ ይረዳል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጎህ ሲቀድ መሥራት ነው፤ ብርሃኑም ያን ጊዜ ነው የሚያምረው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የትርፍ ጊዜ ሠዓሊ የመጀመሪያው ዐውደ ርዕይ የገዛ ቤቱ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ታላላቆቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሠዓሊ ሆነው የተመለሱት አፈወርቅ ተክሌ፣ አዲስ አበባ ያለውን ቪላ አልፋን የነደፉት ራሳቸው ናቸው፤ መኖሪያቸውም፣ መሥሪያቸውም፣ ሥዕል ማሳያቸውም እሱው ነበር። ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መካኒሳ የተከፈተውን ዞማ ሙዚየምን የሠሩት በጭቃና በጭድ ነው። ግድግዳውን አይቶ የማይነካው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጭቃው ሳይደርቅ በእጅ ተስሎበታል፤ መስመሩ ይጠማዘዛል፣ ያብጣል፣ ይጎደጉዳል። ኤልያስ ከምናለሽ ተራ የተለቀመ የኮምፒዩተር ሰሌዳና ሽቦ እየገጣጠመ ዓለም ያወቀው ሰው ነው፤ ቤት ለመሥራት ሲነሳ ግን የመረጠው እናቶቻችን የሚያውቁትን ጭቃ ነው።

በሐራ አካባቢም የጭቃ ቤት መለሰን የሚችል ሰው በየመንደሩ አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ካለፈ በኋላ ደግሞ ስንት ቤት እንደገና መለሰን እንዳስፈለገው የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ጭድ የገባበት ጭቃ ሳይደርቅ በጣት ጫፍ የማሽላ ራስ፣ የሐረግ መስመር፣ የሰፌድ ጥለት ቢሳልበት ወጪው ዜሮ ነው። ከደረቀ በኋላ በኖራ ነጭ፣ በቀይ አፈርና በአመድ ይደምቃል። የወሎ ሴቶች ሰፌድና ሙዳይ ላይ የሚያወጡት ጥለት ግድግዳ ላይ ሰፋ ተደርጎ ሲሳል ምን ያህል እንደሚያምር ሞክሮ ማየት ነው።

ከግድግዳው ቀጥሎ ዕቃው አለ። ቀለሙ የተላጠ ሳንዱቅ፣ የድሮ በር፣ በርጩማ፣ ረከቦት። ረከቦት ላይ የተሳለ ሥዕል ከሸራ ቀድሞ ይሸጣል፤ ምክንያቱ ቀላል ነው። ሸራ የት እንደሚሰቀል የማያውቅ ቤት እንኳ ቡና ያፈላል። ላዩ በቬርኒሽ መሸፈን አለበት፤ ካልተሸፈነ የፈሰሰ ቡናና የጀበና ሙቀት በጥቂት ጊዜ ያጠፋዋል። እንግዳ መጥቶ «ይህን ማን ሠራው?» ሲል ገበያው ተከፈተ ማለት ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቀድሞ የሚያዝዘው ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ አይከፍልም። «አንድ ሳልልኝ እንጂ፣ ለአንተ ምን አላት» ይባላል። አክስትን ክፈይ ማለት በእኛ ወግ ከባድ ነው፤ ማለትም አያስፈልግም። ያየሁት የሚያዋጣ መንገድ ዕቃውን ማስገዛት ነው። «እትዬ፣ ጨርቁንና ቀለሙን ይግዙልኝ፣ እጄን እኔ እመርቅልዎታለሁ» ሲባሉ የሚቀየሙ አክስት አላጋጠሙኝም። ሥራው ወጪ እንዳለበትም ያን ጊዜ ይገባቸዋል፤ ቀጥሎ ለጎረቤት ሲያወሩ ዋጋ ይዘው ነው የሚያወሩት።

ለባዳ ግን ሂሳብ ሂሳብ ነው። የጣውላው፣ የጨርቁ፣ የቀለሙ፣ የአናጢው ወጪ ይደመራል። በላዩ ላይ የተሠራበት ቀን በአካባቢው የሠለጠነ ግንበኛ ወይም አናጢ የቀን ሂሳብ ይታሰብበታል። ከዚያ በታች የሚሸጥ ሠዓሊ ከኪሱ እያወጣ ነው። ከፎቶ ላይ የሰው ፊት ለሚያስስል ደንበኛ ደግሞ ግማሹ ቀብድ ሳይያዝ እርሳስ መነሳት የለበትም። የሌላ ሰው ፊት የያዘ ሸራ ባለቤቱ ከቀረ ሌላ ገዥ የለውም።

ደንበኛው ማን ነው? ሰርግ ያለው ቤት፣ ልጇን ያስመረቀች እናት፣ አዲስ ሱቅ የከፈተ ሰው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ የሚያመጣቸው ተማሪዎች ሲመረቁ ከወሎ ይዘው የሚሄዱት ነገር ይፈልጋሉ። የወሎ ቤት ደግሞ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ጣሪያ ሥር። የእመቤታችንን ሥዕል የሚያዝዝ ሰው ሥርዓቱን ጠብቆ እንዲሳልለት ይፈልጋል፤ ለዚያ የሚያውቁትን አባት ጠይቆ መጀመር ተገቢ ነው። በቀደመው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ሙሉ ፊታቸው በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ የማያውቅ ሠዓሊ ስህተቱን ገዥው ይነግረዋል። ከሙስሊም ቤት የመጣ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሰው ምስል የሌለበትን ይመርጣል፤ ያማረ የዐረብኛ ጽሕፈት፣ ሐረግ፣ የአገር ገጽታ። ሁለቱንም የሚችል እጅ ሐራ ላይ ሥራ አይፈታም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከላሊበላ ጎን የሚኖር ሠዓሊ ሁሉ ቤተ ጊዮርጊስን ከፖስትካርድ ላይ ገልብጦ መሳሉን። ቤተ ጊዮርጊስን የሳለው ሺህ ነው። ወደ ምሥራቅ የተዘረጋውን የሐራን ሜዳ፣ ማሽላው ራሱን ሲጥልና ቀይ ሲሆን፣ ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣው ተራራ ማታ ሰማያዊ ሲመስል፣ መርሳ መንገድ ዳር በሳህን የተደረደረውን ማንጎና ፓፓያ፣ ጥላ ሥር የተኛውን ግመል የሳለው ግን ስንት ነው? አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን የሚኖር የአካባቢው ልጅ ገንዘብ የሚያወጣው ለዚህኛው ነው፤ አገሩን በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ አያገኘውምና።

ለእሱ ለመድረስ ስልክ ይበቃል። ሥዕሉ በቀትር ፀሐይ ሳይሆን በጥላ፣ በቀጥታ ከፊት ለፊት ፎቶ ይነሳል፤ ቴሌግራም ላይ መጠኑና ዋጋው ተጽፎ ይለጠፋል፤ ክፍያው በቴሌብር ይገባል። ሸራው ከጣውላው ወርዶ፣ ቀለሙ በውጭ በኩል ሆኖ ተጠቅልሎ፣ በውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ በአውቶቡስ ይላካል። ቀለሙን ወደ ውስጥ አድርጎ የጠቀለለ ሰው ሲፈታ ተሰነጣጥቆ ሊያገኘው ይችላል። ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያለ ትእዛዝ የተሳለ ሥዕል የገዛ ሰው የገዛው ሸራውን ነው፤ ቲሸርት ወይም ፖስተር ላይ የማባዛት መብት በጽሑፍ ካልተላለፈ ከሠዓሊው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ከጀርባው ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት፣ ጥሩ ፎቶም ይቀመጥ።

የወልድያና የመርሳ ሆቴል ባለቤቶችን አንድ ነገር ልለምናቸው። እንግዳ መቀበያችሁ ላይ የሰቀላችሁት ከቻይና የመጣ የፏፏቴ ሥዕል ነው። አውርዱትና ቦታውን ለአካባቢው ልጆች ለሦስት ለሦስት ወር ስጡ፤ ዋጋው ከሥር ይጻፍ፣ ከተሸጠው ላይ ድርሻችሁን ያዙ። ወደ ላሊበላ የሚያልፈው እንግዳ ቁርሱን የሚበላው እናንተ ዘንድ ነው፤ ሻንጣው ውስጥም ለአንድ የተጠቀለለ ሸራ የሚሆን ቦታ አያጣም።