መሠረት ከመጣል አስቀድሞ መለካት ይገባል

አባቶቻችን «አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ ድስት ጥዶ ከማልቀስ» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ለወጥ ቤት ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ ለከተማ ሥራም ይስማማል። ከተሞቻችን ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፉ ሄደዋል። ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ ሰፈር፣ ሰፈር የነበረውም ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ሆኗል። ይህም ለቤት ፈላጊው ሕዝብ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን ማናቸውም ግንባታ በዙሪያው ያለውን ውሃ፣ አፈርና አየር ሳይለውጥ አይቀርም። ለውጡ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታወቀው በመለካት ነው፤ ልኬቱም ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ሲወሰድ ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ስለ ሆነ ለአንባቢዎቼ ሳልሸሽግ እነግራለሁ።

የባሕር ማዶ ትምህርቴን ፈጽሜ እንደ ተመለስሁ የተመደብሁት በአንዲት የወረዳ ከተማ ነበር። በከተማዪቱ ዳር፣ ከኰረብታ ሥር፣ ብዙ ቤተ ሰብ የሚቀዳበት ምንጭ ነበረ። የውሃ መመርመሪያ ዕቃዬን ይዤ በዚያ መንገድ ደጋግሜ አልፌአለሁ። ሆኖም ውሃው ጥሩ ነው እየተባለ ስለሚነገርና ኵልል ብሎ ስለሚታይ አንድ ጠርሙስ እንኳ ቀድቼ አልመረመርሁም። በሚቀጥለው ዓመት ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ላይ ቤቶች ተሠሩ፤ ለየቤቱም የመጸዳጃ ጕድጓድ ተቆፈረ። ክረምቱ ሲገባ በተቅማጥ የታመሙ ሕፃናት ወደ ጤና ጣቢያው መምጣት አበዙ።

ያን ጊዜ ውሃውን መረመርሁ። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ ኮላይ የተባለው ተሕዋስ አንድ እንኳ መገኘት የለበትም፤ በዚያ ምንጭ ውስጥ ግን ተገኘ። ውጤቱን ይዤ ቤቶቹን ወዳሠሩት ሽማግሌ ዘንድ ብሄድ፣ «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስኪ ይንገሩኝ፤ ቤቶቹ ሳይሠሩ ውሃው እንዴት ነበር?» ሲሉ በትሕትና ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ከብት ከዚያው ምንጭ ሲጠጣ የኖረ በመሆኑ ብክለቱ የቆየ ሊሆን ይችል ነበርና። ክርክሩ ሁለት ወር ፈጀ። ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ ብለን ብናስተምርም፣ ማገዶ የሚቸግራቸው እናቶች ያንኑ ውሃ እንዳለ ለልጆቻቸው ያጠጡ ነበር።

ይህ የትንሽ ከተማ ነገር ነው፤ በትልልቆቹ ከተሞች ደግሞ ጕዳዩ ይሰፋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት በግምት 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለሚዘንብ፣ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ጣራ በዓመት 120,000 ሊትር ያህል ይቀበላል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሚል 600 ጊዜ የሚሞላ ነው። ቀድሞ ከዚህ ውሃ ብዙውን ሣሩና አፈሩ ይመጠው ነበር። አሁን ግን ከጣራ ወደ ሲሚንቶ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቦይ እየወረደ፣ ከሞሉ የመጸዳጃ ጕድጓዶች የወጣውን እድፍ ጠራርጎ እንደ ቀበናና እንደ አቃቂ ወዳሉት ወንዞች ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት ይለማልና፣ የላይኛው ሰፈር የጣለው እድፍ በአትክልቱ ላይ ሆኖ ወደ ገበታው ሊመለስ ይችላል።

ግንባታ ሌላም መዘዝ አለው። ለሲሚንቶ ማቡኪያ ተብሎ በበርሚልና በገንዳ የሚጠራቀመው ውሃ ክዳን ከሌለው የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማ ውስጥ እንዲህ ባለው ውሃ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በተደረገው ጥናት፣ በሽታው ይህች ትንኝ በተገኘችባቸው ቤቶች አካባቢ በርክቶ ታይቷል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጕዳት ሊያደርሱ የሚችሉ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት እንዲጠኑ፣ ሕዝቡም በጥናቱ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ደንግጓል። ነገር ግን አስተያየት የሚሰጥ ሰው የሰፈሩን ሁኔታ የሚያስረዳ ቍጥር በእጁ ቢኖር ቃሉ ይሰማለታል። ስለዚህ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚከተለውን ሊያደርጉ ይችላሉ።

አንደኛ፤ ግንባታ ከታሰበበት ቦታ በላይና በታች ካለው ወንዝ ወይም ቦይ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ውሃ ይቀዳ፤ ጠርሙሶቹ ሳይነቃነቁ አንድ ቀን ከቆዩ በኋላ ከሥር የረጋው ደለል በማስመሪያ ይለካ። የቀዱትም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ሁለተኛ፤ ሁለቱም አፉ የተከፈተ ጣሳ በመሬት ውስጥ ጥቂት ገብቶ ግማሽ ሊትር ውሃ ይጨመርበት፤ አፈሩ ውሃውን ለመምጠጥ የፈጀው ደቂቃ ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ በሰፈሩ ያሉት ክዳን የሌላቸው የውሃ ዕቃዎች በየሳምንቱ ይቈጠሩ፤ የትንኝ ዕጭ የተገኘበት ዕቃ ውሃው ይደፋ፤ ዕቃውም ይታጠብና ይከደን።

ይህ ሁሉ ቀኑና ቦታው ተጠቅሶ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ሥራው ሲጀመርና ሲፈጸምም ይደገም። የመጠጥ ውሃ ግን በዓይን አይታመንምና፣ አዲስ ግንባታ መታሰቡ ሲሰማ ለጤና ባለሙያ ነግሮ ማስመርመር ያስፈልጋል።

በዚያች ከተማ ያለው ምንጭ በመጨረሻ ታጥሮ ከበላዩ ያሉት ጕድጓዶች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። እኔም ከዚያ ወዲህ ወደ አዲስ የሥራ ቦታ ስደርስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከየምንጩ ውሃ ቀድቼ እመረምራለሁ።