ተአምር የሚመሰክር ጎረቤት

ውቢቷ ረሜዲዮስ ግቢ ውስጥ አንሶላ ሲታጠፍ ስታግዝ ነፋስ ይነሳና ከነአንሶላው ወደ ሰማይ ይወስዳታል። አብዛኛው የማኮንዶ ከተማ ሰው አመነ፤ ሻማም አበራ። የቤቱ እመቤት ፈርናንዳ ግን ለብዙ ጊዜ ፈጣሪን የለመነችው አንሶላዎቿን እንዲመልስላት ነው። ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን (እ.ኤ.አ. 1967) ሲጽፍ ልጅቷን እንዴት እንደሚያሳርጋት ጨንቆት ነበር። አንዲት ልብስ አጣቢ አንሶላ ለማስጣት ከነፋስ ጋር ስትታገል አይቶ መላው እንደተገለጠለት ተናግሯል። እኔንም ያሳመነኝ ከዕርገቱ ይልቅ አንሶላው ነው።

ተአምርን እንዲህ እንደ ተራ ነገር ለሚተርክ አጻጻፍ የተሰጠው ማጂካል ሪያሊዝም የሚለው ስያሜ መጀመሪያ የሥዕል ነበር፤ ጀርመናዊው ሐያሲ ፍራንዝ ሮህ በ1925 ተጠቀመበት። በልቦለድ ሥር የሰደደው ላቲን አሜሪካ ነው። ሜክሲኳዊው ሁዋን ሩልፎ በ1955 ሙታን የሚያወጉባትን ትንሽ ከተማ ኮማላን ጻፈ። ማርኬዝ ደግሞ አያቱ የማይታመነውን ነገር ፊታቸው ሳይለወጥ ሲያወሩ እየሰማ ያደገባትን አራካታካን ማኮንዶ አደረጋት።

ለምን ትንሽ ከተማ? በትልቅ ከተማ ሰው ቢያርግ የፎቁ ጎረቤት እንኳ ላይሰማ ይችላል። በትንሿ ከተማ ግን ተአምሩ ምስክር አለው፤ ስም እየተጠራ ይወራል፣ ይታማል። ደክሞት ማታ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው የሚናፍቀው መብረሩን አይመስለኝም፤ የሚያውቁት ሰዎች መሀል መኖርን ነው።

የኋለኞቹ ደራሲዎች የያዙት ይህን ናፍቆት ነው። በጆአን ሃሪስ «ሾኮላ» (1999) ቪያን ሮሼ ልጇን ይዛ አንዲት የፈረንሳይ መንደር ትገባና ልክ በጾም መያዣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ቸኮሌት ቤት ትከፍታለች። ዐቢይ ጾምን የሚያውቅ አንባቢ የመንደሩ ቄስ ቁጣ አይገርመውም። እሷ ግን የእያንዳንዱ ደንበኛ ነፍስ የሚወደውን ሳትጠይቅ ታውቃለች። በሣራ አዲሰን አለን «ጋርደን ስፔልስ» (2007) ደግሞ ኢቫኔል የሚባሉ አሮጊት ለሰው ድንገት አንድ ዕቃ ይሰጣሉ። ለምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም፤ ዕቃው የሚያስፈልግበት ቀን ግን ይመጣል።

እንዲህ ያለውን መጽናኛ የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ግን ከእነዚህ ጣፋጭ መንደሮች ወደ ማኮንዶ ስመለስ ልቤ ይከብዳል። በ1928 በኮሎምቢያዋ ሲዬናጋ ከደረሰው ግድያ በመነሣት፣ ማርኬዝ የሙዝ ኩባንያ ሠራተኞች በወታደር ጥይት ሲያልቁ ይተርካል። ከሬሳ ጭነት ባቡር ዘሎ ያመለጠው ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ 3000 ያህል ሰው መሞቱን ቢናገር፣ የሚያገኘው መልስ እዚህ የሞተ ሰው የለም የሚል ነው። ለረሜዲዮስ ሻማ ያበራው ጎረቤት ለእነዚያ ሙታን አልመሰከረም።