ገንዘብ ካለ የጎደለው ምንድን ነው?

ካፉሪ በሰሜን ካርቱም የሚገኝ የባለጸጎች ሰፈር ነው። በሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ እስኪነሳ ድረስ በሰፋፊ ግቢዎቹና በውድ መኪኖቹ ይታወቅ ነበር። ሱዳን ግን እስከ ዛሬ በፎርሙላ ዋን ያሰለፈችው አሽከርካሪ የለም፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ «ድህነት ነዋ» ብሎ ያልፈዋል። የካፉሪን ግቢዎች ያየ ሰው ግን በዚህ መልስ አይረካም።

የውድድር አሽከርካሪ ሥራውን የሚጀምረው በልጅነቱ ነው። አብዛኞቹ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ካርት በምትባለው ትንሽ መኪና ይጀምራሉ። ከ15 ዓመት ጀምሮ ፎርሙላ 4፣ ከዚያም ፎርሙላ 3 እና 2 ይከተላሉ። ፎርሙላ ዋን ለመግባት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህም በመደበኛው ደንብ 18 ዓመት መሙላትና በሦስት የውድድር ዘመናት 40 ነጥብ ማከማቸት ግድ ነው። ነጥቡ የሚቆጠረው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በሚያውቃቸው ውድድሮች ብቻ ነው። ስለዚህ የካርቱም ወጣት አባቱ የገዛለትን መኪና በሌሊት አስፋልት ላይ የቱንም ያህል ቢያበር፣ አንዲት ነጥብ አያገኝም።

ሰውነትም በዚሁ መንገድ ይገነባል። አሽከርካሪው ፍሬን ሲረግጥ ጭንቅላቱና የራስ ቁሩ አንድ ላይ ከክብደታቸው አምስት እጥፍ ሆነው አንገቱን ይጎትቱታል። ይህን የሚችል አንገት የዓመታት ልምምድ ውጤት ነው። የሉዊስ ሃሚልተን አባት ሀብታም አልነበረም፤ የልጁን ውድድር ለመክፈል ብዙ ሥራ ይደራርብ ነበር። ነገር ግን ልጁን የሚወስድበት የካርት ሜዳና በየጊዜው የሚካሄድ ውድድር ነበረው። ማክላረን በ1998 ልጁን ያስፈረመው 13 ዓመቱ ሳለ ነው፤ ፎርሙላ ዋን የገባው ደግሞ በ2007።

ለአካባቢያችን የቀረበው በር ግን ራሊ ነው። የራሊ አሽከርካሪው ሼካር ሜህታ በ1945 ዑጋንዳ ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን ሲያባርር ቤተሰቡ ወደ ኬንያ ተሰደደ። በዓመቱ በዳትሱን 240Z የሳፋሪ ራሊን አሸነፈ፤ ከስዊድናዊው ሃሪ ሼልስትሮም ጋር በነጥብ እኩል ሆነው የለያቸው የመለያ ደንብ ነበር። ከ1979 እስከ 1982 ደግሞ አራት ጊዜ በተከታታይ ደገመው። ያን ጊዜ ሳፋሪ ጭቃ፣ ከብትና ደራሽ ውሃ ባለበት ክፍት መንገድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ውድድር ነበር። መኪናን ሳይሰብሩ መድረስ ከፍጥነት እኩል ይከበራል፤ ለአሽከርካሪው ካርታና ማስታወሻ የሚያነብ ረዳትም የውድድሩ ግማሽ ነው። ሜህታ ሀብቱን ዑጋንዳ ጥሎ ቢሰደድም፣ የተሰደደባት አገር ከ1953 ጀምሮ ራሊ የምታካሂድ፣ መካኒኮችና ክለቦች ያሏት አገር ነበረች። የሥራ ዘመኑን ያቆመው ግብጽ ውስጥ በ1987 በፈርዖኖች ራሊ የደረሰበት ከባድ አደጋ ነው። በእኔ እምነት የአፍሪካ ቀንድ ወጣት ሊያጠናው የሚገባው ከማንም በፊት የዚህን ሰው ታሪክ ነው።

ያ የኬንያ የውድድር፣ የክለቦችና የመካኒኮች ሥርዓት ዛሬም ፍሬ ያፈራል። በ2022 ኬንያዊው ማክሬ ኪማቲ በስዊድን በረዶ ላይ በዓለም የራሊ ሻምፒዮና ተወዳደረ። በዚያው ዓመት ማክሲን ዋሆሜ የሳፋሪን የሦስተኛ ደረጃ ውድድር አሸነፈች።

እኛ ኢትዮጵያውያን የእንዲህ ያለ ሥርዓትን ጥቅም ከሩጫ እናውቀዋለን። የበቆጂ ልጅ አሰልጣኝ፣ በየጊዜው የሚሮጥበት ውድድርና ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ ባይኖሩ ኖሮ፣ ጎበዝ እግር ብቻውን ኦሊምፒክ አያደርሰውም ነበር። በመኪና ውድድር የጎደለን ይህ ነው፤ ካፉሪም ያጣው ገንዘብ ሳይሆን ይህን ነው። ልጃችሁ በመኪና ፍቅር የተያዘ ወላጆች፣ ፈጣን መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ከሌሎች ወላጆች ጋር ተባብራችሁ አንድ የካርት ሜዳ እንዲከፈት ጠይቁ፤ መካኒክነቱንም ልጁ አብሮ ይማር።