ጥርስ ለማስተከል ከመወሰንዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በሐረር ከተማም ሆነ በኤረር፣ በሶፊና በድሬ ጠያራ ገጠር ወረዳዎች ብዙ ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣው በኋላ ነው። ጥርሱ ይነቀላል፤ ሕመሙም ያልፋል፤ ክፍተቱ ግን ይቀራል። ዓመታት ቆይቶ ማላመጥ ሲያስቸግር ጥርስ ማስተከል እንደሚቻል ይሰማል። ለዚህ ሕክምና ከብት ከመሸጥና ረጅም መንገድ ከመጓዝ በፊት ግን አንድ ዋና ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የተከላውን ውጤት በአብዛኛው የሚወስነው ጥርሱን የሚቀበለው አጥንትና ድድ ነው።

ጥርስ ተከላ ምንድን ነው?

በሙያው አጠራር ኢምፕላንት የሚባለው ከቲታኒየም የተሠራና የብሎን ቅርጽ ያለው ትንሽ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ነው። ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ይተክለዋል። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ከተዋሐደ በኋላ በላዩ ላይ የጥርስ ቅርጽ ያለው ክዳን ይገጠማል።

የዚህ ሕክምና መሠረት የተጣለው በስዊድን ነው። ተመራማሪው ፐር ኢንግቫር ብሬነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው ቲታኒየም ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልላቀቅ ማለቱን አስተዋለ። በ1965 ደግሞ የመጀመሪያው ሰው በዚህ መንገድ ጥርስ ተተከለለት።

ውሕደቱ ጊዜ ይፈልጋል። አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ጣሪያ የተጫነበት ምሰሶ እንደሚዘም ሁሉ፣ አጥንቱ ሳይዘው ጫና የበዛበት ኢምፕላንትም ይላላል። በመሆኑም ከተከላው እስከ ክዳኑ መግጠም ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል።

አጥንቱ አይጠብቅም

ጥርስ ሲነቀል ሥሩን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ያጣና መሟሸሽ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው መቀነስም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ጥርሱን ካስነቀለ 10 ዓመት ያለፈው ሰው ከተከላው በፊት አጥንት የማስጨመር ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ይህም ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ ወራት ማለት ነው።

ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ የሚነሣው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው። ሐኪምዎን «ይህ ጥርስ በሥር ሕክምና ሊድን ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሊድን የሚችል የራስ ጥርስ ከማንኛውም ተከላ ይሻላል።

ጫት፣ ሲጋራና የስኳር ሕመም

በሐረር በርጫ ላይ ጫት ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ይያዛል፤ አፍም ይደርቃል። ጥርስን ከስኳርና ከአሲድ የሚጠብቀው ምራቅ በቀነሰበት በዚህ ሰዓት ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይከተላል። ለጥርስ መበስበስ የሚያመች ሁኔታ ነው። በዚያ ላይ ሲጋራ ወይም ሺሻ ሲጨመር ጉዳቱ ይበረታል። ትምባሆ ወደ ድድ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ቁስል ቶሎ አይድንም። በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ተከላው የመክሸፍ ዕድሉ ከማያጨሱት በእጥፍ ገደማ ከፍ ይላል።

በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር ሕመምም የቁስሉን መዳን ያዘገያል፤ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። የስኳር ታካሚ ከሆኑ ከተከላው በፊት የ3 ወር አማካይ የስኳር መጠንዎን ያስመርምሩ። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው መንገር አለባቸው፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ያደርጋሉና። የመንጋጋ ዕድገታቸው ላልተጠናቀቀ ወጣቶችም ተከላ አይመከርም።

ሲቦረሽ የሚደማ ድድ ባያምም ታሟል። የታመመ ድድ ሳይታከም ጥርስ መትከል ገንዘብን ማባከን ነው።

የወጪና የመንገድ ስሌት

ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም። ምርመራና ራጅ፣ ተከላ፣ የቁስል ክትትል፣ ልኬት፣ ክዳን መግጠም፣ ከዚያም በየጊዜው የሚደረግ ክትትል አለ። ለሕክምናው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የሐረር ነዋሪ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ የአንዱን ጥርስ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የምልልሱንና የማደሪያውን ወጪም አብረው ያስሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆኑ አርሶ አደሮችም መድኅኑ ጥርስ ተከላን እንደማይሸፍን ሊያውቁ ይገባል።

አቅም ካልፈቀደ ሌሎች አማራጮች አሉ። አንዱ በግራና በቀኝ ያሉትን ጥርሶች ተደግፎ የሚሠራው ብሪጅ ነው፤ ለዚህ ግን ጤነኞቹ ጥርሶች ይሞረዳሉ። ሌላው ማታ እየወለቀ የሚታጠበው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሆን ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ከኋላ የጎደለን አንድ ጥርስ ሳይተኩ መተው የሚቻልበት ጊዜም አለ።

ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ

• አጥንቴ በቂ መሆኑ በራጅ ታይቷል? በታችኛው መንጋጋ ያለው ነርቭ የት እንደሚያልፍስ ተለይቷል?
• የሚተክሉልኝ ሐኪም በዚህ ሕክምና የሠለጠኑ ናቸው? ከዚህ በፊትስ ሠርተዋል?
• የተነገረኝ ዋጋ ክዳኑን ይጨምራል?
• ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ?
• ተከላው ቢከሽፍ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

የኢምፕላንቱ ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ እንዲሰጥዎም ይጠይቁ። በተለይ በውጭ አገር አስተክለው ወደ ሐረር ለሚመለሱ ወገኖች ይህ ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው። ከዓመታት በኋላ ብሎኑ ቢላላ፣ ዓይነቱን የማያውቅ ሐኪም ተስማሚውን መፍቻ ለማግኘት ይቸገራል።

ከተከላው በኋላ

በአግባቡ የተተከሉና የተያዙ ኢምፕላንቶች ከ100 ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም አገልግሎት ይሰጣሉ። ብረቱ በትል አይበላም፤ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ሊታመም ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ በጥርሶች መካከል ያለውን ማጽዳትና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ግድ ነው። መፋቂያ የለመዱ ሰዎችም ከድድ ሥር ያለውን ቆሻሻ የሚያወጣ ቀጭን ብሩሽ መጨመር አለባቸው።

በጥርስዎ ላይ ጥቁር ነጥብ ካዩ ወይም ድድዎ ከደማ፣ ሕመሙ እስኪጀምር ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ። ዛሬ በጊዜ የታከመ ጥርስ ነገ ተከላ አያስፈልገውም።